ጄቱ ይገዛል፤ አብራሪው ከየት ይመጣል?

በጥር 2016 ዓ.ም. ሱ-30 የተባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች ለአየር ኃይላችን መግባታቸው በዜና ከተነገረ ወዲህ በእኛ ደብረ ብርሃን የጄት ወሬ ደርቷል። ፊዚክስ አስተምራለሁና ተማሪዎቼ ከክፍል ስንወጣ ከበው የሚጠይቁኝ ስለ ቁጥር ነው። «እገሌ የተባለው አገር አምስት መቶ ተዋጊ አለው፤ እኛስ?» ይላሉ። አገሮችን በአውሮፕላን ብዛት የሚደረድር ሠንጠረዥ ከስልካቸው አውጥተው ያሳዩኛል። እኔ ግን ከሠንጠረዡ ውስጥ የማጣቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ከእነዚያ ጄቶች ነገ ጠዋት መነሣት የሚችለው ስንቱ ነው? መሪውን የሚጨብጠው ሰውስ በዚህ ዓመት ስንት ሰዓት በርሯል?

እነዚህ ጥያቄዎች ሀብታሞቹንም ያስጨንቃሉ። በዓለም ትልቁ የሆነው የአሜሪካ አየር ኃይል ለዓመታት ወደ 2,000 የሚጠጉ አብራሪዎች ጎድለውት ቆይቷል። በዓመት 1,500 አዲስ አብራሪ ለማስመረቅ ያቀደውንም በተደጋጋሚ ሳያሳካ ቀርቷል። ገንዘብ ያለው፣ ፋብሪካ ያለው፣ ጄቱን ራሱ የሚሠራው አገር ሰው እንዴት አጠረው? መልሱ አብራሪ በሚፈራበት መንገድ ውስጥ አለ።

አንድ ተዋጊ አብራሪ እስኪወጣ ስንት ዓመት ይፈጃል?

ወጣቱ መጀመሪያ የትምህርትና የጤና ምርመራ ያልፋል። ዐይኑ፣ ጆሮው፣ ልቡና አከርካሪው አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ብዙ አመልካች እዚህ ላይ ይቀራል። የተመረጠው ሰው የመሬት ትምህርት ይጀምራል፦ የአየር ጠባይ፣ የሞተር አሠራር፣ አቅጣጫ አወጣጥ፣ የሬዲዮ ንግግር። ከዚያ በኋላ ባለ ፕሮፔለር በሆነ ቀላል መለማመጃ፣ ቀጥሎም በመለማመጃ ጄት ከአስተማሪ ጋር ይበርራል። በእኛ አገር ግሮብ 120 የተባለው ባለ ፕሮፔለርና ኤል-39 የተባለው ጄት ለዚህ ሥራ ውለዋል። ይህን የጨረሰ ሠልጣኝ የአብራሪነት ምልክት የሆነውን ክንፍ ደረቱ ላይ ያደርጋል።

ብዙ ሰው ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስለዋል። ክንፍ የተሸለመው መኮንን ግን ገና ተዋጊውን አልነካም። ለተመደበበት አውሮፕላን ወራት የሚወስድ ሌላ ኮርስ ይጠብቀዋል። ያንንም ጨርሶ ስኳድሮን ሲገባ (ስኳድሮን ማለት አንድ ዓይነት አውሮፕላን ይዞ አብሮ የሚሠለጥንና የሚዋጋ የአየር ክፍል ነው) የሚሰጠው ቦታ የተከታይነት ነው። ከፊቱ የሚበርር መሪ ይኖረዋል፤ የእሱ ሥራ መሪውን መከተልና ጀርባውን መጠበቅ ነው። ልምድ ሲያካብት የሁለት አውሮፕላን፣ ቆይቶም የአራት አውሮፕላን መሪ ይሆናል፤ በመጨረሻ ደግሞ አስተማሪ። በአሜሪካ አሠራር አንድ ተዋጊ አብራሪ «ልምድ ያለው» የሚባለው በዚያው አውሮፕላን 500 ሰዓት ያህል ሲበርር ነው። ከመለማመጃው የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ ሌላውን ለማስተማር እስኪበቃ ሰባትና ስምንት ዓመት ቢያልፍ የሚያስገርም አይደለም።

ዋጋውም ከባድ ነው። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ስሌት አንድን የኤፍ-16 አብራሪ ለማሠልጠን 5.6 ሚሊዮን ዶላር፣ የኤፍ-22 አብራሪን ለማሠልጠን ደግሞ 10.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይወጣል።

ይህን ያህል የሚያስቸግረው ምኑ ነው?

እዚህ ላይ የሙያዬን ልናገር። ጄቱ በከፍተኛ ፍጥነት እየሄደ በድንገት ሲታጠፍ የአብራሪው አካል ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይፈልጋል፤ መቀመጫው ደግሞ ወደ መታጠፊያው ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ የሚሰማው ክብደት ከተለመደው እስከ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 630 ኪሎ፣ ማለትም ከስድስት ኩንታል በላይ ሆነ ማለት ነው። ራሱና የራስ ቁሩ አንድ ላይ 7 ኪሎ ቢመዝኑ አንገቱ የሚሸከመው 63 ኪሎ ይሆናል። ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለም ይጠፋበታል፣ ቀጥሎ የዐይኑ ዳርና ዳር ይጨልማል፣ ካልተቋቋመው ራሱን ይስታል። ስለዚህ አየር እየሞላ እግሩንና ሆዱን የሚጨምቅ ልብስ ይለብሳል፤ ጭኑንና ሆዱን አጥብቆ በመወጠር፣ በየሦስት ሰከንዱ ገደማ አጭር ትንፋሽ በመሳብ ደሙን ወደ ላይ ይይዛል። ይህን እያደረገ ጠላትን ይፈልጋል፣ ራዳሩን ያነብባል፣ ነዳጁን ይቆጥራል፣ ከመሪው ጋር በሬዲዮ ይነጋገራል።

ይህ ችሎታ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ተቀምጦ አይቆይም። ለሳምንታት ያልበረረ አብራሪ ይደነዝዛል፤ ለወራት የቆመውማ ከአስተማሪ ጋር እንደገና ካልወጣ ለራሱም ለአብረውት በራሪዎችም አደጋ ነው። ለዚህ ነው አየር ኃይሎች አብራሪን በሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሰዓት የሚለኩት።

ታዲያ ትምህርት ቤቱን አስፍቶ ብዙ ሰው ማስገባት አይቻልም?

ማነቆው ያለው ከትምህርት ቤቱ በር ውጪ ነው። በእኛ አካባቢ በሚታወቅ ነገር ላስረዳ። አሥር የጭነት መኪና ያለው አንድ የደብረ ብርሃን ማኅበር ጣርማበርን በጭነት መውረድ የሚያውቁ አራት ሾፌሮች አሉት እንበል። ጉሙ መንገዱን ሲውጠው፣ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲጀመር ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተር መያዝ፣ ፍሬኑ ሳይግል መድረስ በመንጃ ፈቃድ ወረቀት አይገኝም፤ ረዳቱ ከነባሩ ሾፌር ጎን ተቀምጦ በብዙ ምልልስ ይማረዋል። ማኅበሩ በአንድ ጊዜ ሠላሳ አዲስ ባለ መንጃ ፈቃድ ቢቀጥር አጠገባቸው የሚቀመጡት ነባሮች ያው አራቱ ናቸው። ምልልሱ ከቀነሰ አዲሶቹ ለዓመታት አዲስ እንደሆኑ ይቆያሉ። ከአራቱ ሁለቱ ሌላ ቦታ የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ከሄዱ ደግሞ ማኅበሩ ያጣው ሁለት ሾፌር ብቻ አይሆንም፤ እነሱ ሊያወጧቸው የነበሩትን ሁሉ ነው።

ስኳድሮንም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ተከታይ መሪ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከአብራሪዎቹ ቢያንስ ግማሽ ያህሉ ነባር ካልሆኑ የልምምድ በረራው ራሱ አደገኛ ይሆናል። አንድ ስኳድሮን በዓመት አሳድጎ ሊያወጣ የሚችለው አዲስ አብራሪ ወሰን አለው። ከዚያ በላይ ቢላክለት ሁሉም በየድርሻው ጥቂት ጥቂት ይበርራሉ፤ አንዳቸውም በጊዜ አይበስሉም።

የጄቱ ብዛት ከአብራሪው ጋር ምን አገናኘው?

በሰሌዳ ላይ እንደምሠራው ልሥራው። 24 ጄት ያለው ስኳድሮን እናስብ። እያንዳንዱ ጄት በዓመት 200 ሰዓት ቢበርር ስኳድሮኑ 4,800 ሰዓት ያገኛል። በኔቶ አገሮች ተዋጊ አብራሪ ብቃቱን ጠብቆ ለመቆየት በዓመት 180 ሰዓት ገደማ መብረር አለበት የሚል መለኪያ አለ። 4,800 ለ180 ሲካፈል 26 አብራሪ ይወጣል።

አሁን መለዋወጫ ጠፋ፣ ቴክኒሽያን አነሰ፣ ጄቶቹም በዓመት 120 ሰዓት ብቻ በረሩ እንበል። ጠቅላላው 2,880 ሰዓት ይሆናል፤ የሚበቃውም ለ16 አብራሪ ነው። 26ቱንም አቆያለሁ የሚል አዛዥ ለእያንዳንዳቸው 110 ሰዓት ያህል ያከፋፍላል። ቀደም ሲል 500 ሰዓት ለመሙላት ሦስት ዓመት የማይሞላ ጊዜ የሚበቃው አዲስ አብራሪ አሁን አራት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። አንድም ጄት ሳይወድቅ፣ በሠንጠረዡ ላይ 24 የሚለው ቁጥር ሳይለወጥ፣ ስኳድሮኑ ተዳከመ። ተማሪዎቼን ዝም ያሰኛቸው ይህ ስሌት ነው።

«ይነሣል» የሚለው ቃል ቀላል እንዳይመስለን። በአሜሪካ አየር ኃይል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ኤፍ-22 እና ኤፍ-35ኤ የተባሉት እጅግ ዘመናዊ ተዋጊዎች ለተልእኮ ዝግጁ የነበሩት ከጠቅላላው ጊዜ ከግማሽ እምብዛም በማይበልጠው ነው። የቀረው ጊዜ በጥገናና መለዋወጫ በመጠበቅ አልፏል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ያረጁ ጄቶችን ጡረታ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ተተኪው ሳይመጣ ስኳድሮን ከተዘጋ ግን አዲስ አብራሪ የሚበስልበት ቦታም አብሮ ይዘጋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 የነበሯት 134 ተዋጊ ስኳድሮኖች ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ 55 ገደማ ወርደው ነበር። ሕንድ ለራሷ የወሰነችው መጠን 42 ስኳድሮን ነው፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹን ሚግ-21 ስታሰናብት 29 ብቻ ቀሯት። ተተኪ ይሆናል የተባለው አገር በቀሉ ቴጃስ ከዘገየባቸው ምክንያቶች አንዱ ሞተሩ ከአሜሪካው አምራች በወቅቱ አለመድረሱ ነው።

አሜሪካና እንግሊዝ ገንዘብ እያላቸው ለምን ተቸገሩ?

አንደኛው ምክንያት መለማመጃው ነው። አሜሪካውያን የወደፊት ተዋጊ አብራሪዎቻቸውን የሚያስተምሩበት ቲ-38 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሠልጣኙ ከአባቱ የሚበልጥ አውሮፕላን ይነዳል ማለት ነው። ለሞተሩ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ሆኗል፤ እሱን ለመተካት እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረጠው የቦይንግ ቲ-7ኤ ደግሞ ከታቀደው በዓመታት ዘግይቷል። በእንግሊዝም ሆክ ቲ2 በተባለው መለማመጃ ጄት ሞተር ላይ ችግር ተገኝቶ በረራው ተቀነሰ፤ ሠልጣኞች ክንፍ ለማግኘት ለዓመታት ተራ ጠበቁ፤ አንዳንዶቹም ወደ ሌሎች አገሮች ተላኩ። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ጉልበቱና አእምሮው ለዚህ ሥራ በሚሆንበት ሰዓት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቅ ማየት ያሳዝናል።

ሁለተኛው የአየር መንገዶች ስበት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ከደረሰ የመንገደኞች አውሮፕላን አደጋ በኋላ ሕጉ ጠብቆ፣ በአየር መንገድ ለመቀጠር በአብዛኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ይህን ሰዓት በመንግሥት ወጪ የሞላው የጦር አብራሪ ለአየር መንገዶቹ ተፈላጊ ሰው ሆነ። እዚያ ደመወዙ ይበልጣል፣ ቤተሰቡ በየሦስት ዓመቱ ከተማ አይቀይርም። አየር ኃይሉ እንዲቆዩለት በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ በ12 ዓመት ደግሞ እስከ 600,000 ዶላር የሚደርስ ማበረታቻ አቅርቧል። በዚያም ላይ የሚሄዱት ብዙዎቹ መሪዎችና አስተማሪዎች የሚሆኑበት ዕድሜ ላይ የደረሱት ናቸው።

በእኛ አገርስ?

የኢትዮጵያ የአየር ታሪክ ከጅምሩ የአብራሪ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ፣ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲያርፍ የሚያበርረው ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ጣሊያን ሲወርረን በእጃችን የነበሩት ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ የሌላቸው አውሮፕላኖች ነበሩ፤ የጠላት በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። ያንን ጥቂት ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ነው። በሰሜን ሸዋ በእነ ራስ አበበ አረጋይ ሥር የዋሉ አርበኞች ሰማዩ ሙሉ በሙሉ በጠላት እጅ ሆኖ ነው አምስቱን ዓመት የታገሉት።

ከነፃነት በኋላ የተመረጠው መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሮቢንሰን ተመልሶ መጥቶ ወጣቶችን አሠለጠነ፤ ቀጥሎ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ቢሾፍቱ ላይ ለአሥር ዓመት ያህል ትምህርት ቤቱን፣ ጥገናውንና ሥርዓቱን አብሮ አቋቋመ። ፍሬው የታየው በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ጊዜ ነው። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ሚግ ጄቶች በቁጥር ይበልጡ ነበር። የእኛዎቹ ጥቂት ኤፍ-5 ጄቶች ግን ለዓመታት በተከታታይ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩባቸውና የኦጋዴንን ሰማይ ያዙ። ከእነዚያ አንዱ ለገሠ ተፈራ ብዙ የጠላት አውሮፕላን ከጣለ በኋላ ተመትቶ ወረደ፤ 11 ዓመት ገደማ በሶማሊያ እስር ቤት አሳለፈ። ኤፍ-5ን መተካት ይቻላል፤ እንደ ለገሠ ያለ ሰው በ11 ዓመት ውስጥ ያሠለጥናቸው የነበሩት ወጣቶች ግን በምንም አይተኩም።

ከዚያ በኋላም መሰበር መጣ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. በከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታን ጨምሮ ከፍተኛ መኮንኖች ጠፉ፤ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ የቀሩት ተበተኑ። የኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ሲነሣ መንግሥት ከሩሲያ ሱ-27 ገዛ፤ ጄቶቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ደረሱ፤ በየካቲት 1991 ዓ.ም. ከኤርትራ ሚግ-29 ጄቶች ጋር ገጥመው አሸነፉ። ይህን ስንሰማ ጄት በተገዛ በወራት ውስጥ ድል የሚገኝ ሊመስለን ይችላል። ያን ያህል ፈጣን ያደረገው ግን ከሩሲያውያን አሠልጣኞች ሌላ፣ በቀደመው ዘመን የሠለጠኑና ተበትነው የነበሩ ነባር አብራሪዎች ወደ ሥራ መመለሳቸው ነው። የ1991ዱ አቅም ከሃያ ዓመት በፊት ተዘርቶ የነበረ ነው።

ድሮን ካለ አብራሪ ለምን ያስፈልጋል?

ድሮን አብራሪውን ከሰማይ ያወርደዋል እንጂ ከሥራው አያስወጣውም። ትልልቆቹ ድሮኖች መሬት ላይ የሚነዳቸው፣ ካሜራቸውን የሚከታተልና የሚጠግናቸው ቡድን ይፈልጋሉ። የአሜሪካ አየር ኃይል ባለፈው ዐሥርት ዓመት የድሮን ነጂም አጥሮት ተጨማሪ ክፍያ እስከ መስጠት ደርሷል። የአገርን ሰማይ ከጠላት ጄት የመጠበቅ ሥራም እስካሁን በዋነኛነት የሰው ነው።

ጉድለቱ በምን ይሞላል?

ምስለ በረራ፣ ማለትም መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን መሰል መለማመጃ፣ ብዙ ይረዳል። ኤፍ-22ና ኤፍ-35 ባለ አንድ መቀመጫ ብቻ በመሆናቸው አብራሪው የመጀመሪያ በረራውን የሚያደርገው ከምስለ በረራ ተነሥቶ ብቻውን ነው። ስድስት ኩንታል የሚያህለውን ጫና ግን ምስለ በረራ አያሸክምም። ጡረተኛ አብራሪዎችን ለአስተማሪነት መጥራት ጥሩ ይሠራል። ለቴክኒሽያኖች ጥሩ መክፈልም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ የተጠገነ ጄት ተጨማሪ ሰዓት ነውና።

የማይሠራው የሥልጠና ሰዓትን መቁረጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ነዳጅ ሲያጥራት ቀድሞ ከ200 ሰዓት በላይ ይበርር የነበረውን ሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ 110 ሰዓት ገደማ አወረደችው። በዚያው ዓመት ፋብሪካዎቿ ከቀደሙት ዓመታት ሁሉ የበለጠ ተዋጊ አውሮፕላን አምርተዋል። አውሮፕላኑ ሞልቶ ሳለ አዲሶቹ አብራሪዎች በመጀመሪያ ጥቂት በረራዎቻቸው አለቁ። አሜሪካ በበኩሏ የተዋጣላቸውን አብራሪዎች ከግንባር እያወጣች ወደ ትምህርት ቤት ትመልስ ነበር፤ ጀርመንና ጃፓን ግን ነባሮቻቸውን እስኪሞቱ ድረስ አሰለፏቸው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ዜና ሲያነቡ እንዲጠይቁ የምነግራቸው እነዚህን ነው፦ አብራሪው በዓመት ስንት ሰዓት ይበርራል? ከጄቶቹ ስንቱ ይነሣል? ስንት አስተማሪ አለ? ሠልጣኙ ተራ የሚጠብቀው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም. መለማመጃ ላይ የሚወጣ ወጣት ሁሉም ነገር ቢሳካለት ሌላውን የሚያስተምረው በ2026 ዓ.ም. አካባቢ ነው።